በጾም ከጂም በኋላ ምን ልብላ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። 80 ኪሎ ነኝ። ቦርጭ ማጥፋት፣ ጡንቻም መያዝ እፈልጋለሁ። በፍስክ ችግር የለም፤ ማታ ከጂም ስወጣ ሦስት እንቁላል እበላለሁ፣ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን ነው። አሁን ግን ዐቢይ ጾም ገባ።

አሠልጣኜ «በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልበላህ ልፋትህ ገደል ገባ» ይላል። ያነበብኩት ደግሞ ዋናው የቀኑ የፕሮቲን ድምር ነው ይላል፤ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ። ለእኔ 128 ግራም መሆኑ ነው። በሽሮና በምስር እዚያ ልድረስ ስል እንጀራው ይበዛል፣ ቦርጩም ንቅንቅ አይልም! የዱቄት ፕሮቲን ዋጋው አይቀመስም፣ አብዛኛውም ከወተት የሚሠራ ነው።

እየጾማችሁ ክብደት የምታነሱ፣ ከስፖርት በኋላ ምን ትበላላችሁ? አኩሪ አተር የሞከረ አለ? እንዴት ነው የሚዘጋጀው?