ኦይስተርን (በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ) በመኪና ጉዞ በሕይወት ስለማቆየት
በመጪው በጋ አራት ሆነን በአንድ መኪና የባሕር ዳርቻውን ተከትለን ለስድስት ቀናት ለመጓዝ፣ በየወደቡም የባሕር ምግብ እየገዛን ራሳችን ለማብሰል አቅደናል። ባለፈው ዓመት ጠዋት የገዛነውን ሽሪምፕ ከመጠጡ ጋር በአንድ የበረዶ ሳጥን አድርገን ስንጓዝ፣ ክዳኑ በየጊዜው ሲከፈት በረዶው ቀልጦ፣ ማታ ሽሪምፑን ለብ ባለ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አሞኒያ አሞኒያ ሲሸት ስላገኘነው ሁሉንም ጣልነው። አሁን ለዓሣ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሳጥንና ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አለማለፉን የምንከታተልበት ቴርሞሜትር ይዘናል። ኦይስተሩን ግን፣ የቀለጠው ጨው አልባ ውኃ ስለሚገድለው፣ በረዶ ውስጥ ልቀብረው አልደፈርኩም (ከድንጋይ ላይ ራሳችን መልቀሙንማ፣ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የአልጌ (በባሕር ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ ተክል መሰል ነገሮች) መርዝ በማብሰል ስለማይጠፋ፣ ከነጭራሹ ትተነዋል)። አራት ሰዓት በሚወስድ መንገድ፣ ኦይስተሩን ከዓሣው ጋር በዚያው ሳጥን ውስጥ የቀለጠው ውኃ ሳይነካው በሕይወት ለማድረስ እንዴት ባስቀምጠው ይሻላል?