ጥቆማ፦ የቤት ኢንተርኔት፣ ሞደምና ዋይፋይ ለኮንዶሚኒየም፣ ለኪራይ ቤትና ለግቢ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ልንገባ ነው። ባለቤቴ ሥራውን ከቤት ነው የሚሠራው፤ ልጆቹም ከዩቲዩብ አይነቀሉም። አንዱ "ፋይበር አስገቡ" ይለናል፣ ሌላው "የሳፋሪኮም ራውተር ገዝታችሁ ተገላገሉ" ይላል፣ የሱቁ ልጅ ደግሞ "ባለ ስድስት አንቴና ካልገዛችሁ መኝታ ቤት አይደርስም" ብሎናል። እስኪ የምታውቁ ጠቁሙን።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። የሱቁን ልጅ ለጊዜው ተይው። አንቴናው ስድስትም ይሁን ሁለት፣ ከውጭ የሚገባው መስመር ደካማ ከሆነ ዋይፋዩ ከየትም አያመጣም። መጀመሪያ መስመር፣ ቀጥሎ ዕቃ።

ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ፣ ብሎካችሁ ድረስ ከገባ ብዙ አታውጪ አታውርጂ፣ እሱን አስገቢ። መግባቱን ለማወቅ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት ጎረቤት አንኳኪና ሞደማቸውን እዪ። የገባበት ገመድ ቀጭን ሆኖ ጫፉ አረንጓዴ ፕላስቲክ ካለው ፋይበር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በየአካባቢው ያስገባል፤ በአዲስ አበባ አንዳንድ ሕንፃዎች ላይ ዌብስፕሪክስ የሚባለው የግል ድርጅትም ለቤት ያቀርባል። ሁለቱም ካሉ ዋጋና የማስገቢያ ክፍያ አወዳድሪ፤ ሞደሙ የእናንተ ሆኖ ይቀራል ወይስ ስትለቁ ይመለሳል የሚለውንም ጠይቂ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የዛሬን ዋጋ የሚያነብ ሰው በሚቀጥለው ወር ይታዘበኛል።

ፋይበርን የማስበልጠው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከቴሌው ጣቢያ እስከ ቤታችሁ ባለው መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለበትም፤ ብርሃኑ የሚከፋፈለው ኤሌክትሪክ በማይበላ መስታወት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ቢሆን እንኳ ጣቢያው ጄኔሬተር ካለውና የእናንተ ሞደም በባትሪ ከበራ ኢንተርኔቱ አይሄድም። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ባትሪ መገናኛም መርካቶም ይሸጣል። ከመግዛትሽ በፊት ሞደሙን ገልብጠሽ ከታች የተለጠፈውን አንብቢ። የፋይበር ሞደሞች አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ አምፒሩ ግን ይለያያል፣ ባትሪው ከተጻፈው ያላነሰ መስጠት አለበት። ሁሉም ግን 12 አይደለም። ለምሳሌ ቲፒ ሊንክ 841 የሚባለው በብዙ ቤት ያለው ነጭ ራውተር 9 ቮልት ነው፤ "ቀዳዳው ገባ" ብሎ 12 የሰካበት ሰው ሊያቃጥለው ይችላል። ለምትሠሩ ሰዎች ይህች ባትሪ ከማንኛውም ውድ ራውተር በፊት የምትገዛ ናት።

ስለ ፍጥነት ደግሞ። ጥቅሉ ላይ "10 ሜጋ" ሲባል ሜጋ ቢት ነው፤ ፊልም ስታወርዱ የሚታየው ሜጋ ባይት ነው፤ በስምንት ይካፈላል። ስለዚህ 10 ሜጋ መስመር በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ካወረደ ቃሉን ጠብቋል፤ 1 ጊጋ ፊልም ሩብ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። የባለቤትሽ ዙም ጥራት ባለው ምስል 4 ሜጋ ቢት አካባቢ ይበቃዋል፣ ዩቲዩብ በ1080 ወደ 5 ይወስዳል፣ በ4ኬ ግን 20 ይደርሳል። ልጆቹ ቲቪው ላይ 4ኬ ከከፈቱ አባታቸው ስብሰባ መሐል አፉን እንደከፈተ ቀጥ ይላል። የዩቲዩቡን ጥራት 720 ላይ ማሰር ወደ ትልቁ ጥቅል ከማደግ ይረክሳል።

የሳፋሪኮም ራውተር መጥፎ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቤት ስትለቅ ሲምና ራውተርህን በሻንጣ ይዘህ መሄድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም በሲም የሚሠራ የቤት ራውተር አለው። ግን የዚህ ዓይነቱ ፍጥነት ማማው ላይ ስንት ሰው ተንጠላጥሏል በሚለው ይወሰናል። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክ አድርጋችሁ፣ ራውተሩ የሚቀመጥበት መስኮት ጋ ቆማችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ማታ አይገኝም። "ያልተገደበ" ሲባልም ከስንት ጊጋ በኋላ ይቀንሳል ብላችሁ ጠይቁ፤ ራውተሩ የሌላውን ድርጅት ሲም ይቀበላል ወይስ ተቆልፏል የሚለውንም ጨምሩበት።

ፋይበሩ ሲገባ የሚሠራው ሰው "ሞደሙን የት ላድርገው?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው "እዚያው በሩ ጋ" ይላል፣ ከዚያ በኋላ መኝታ ቤት አልደረሰም እያለ ሲያማርር ይኖራል። ሳሎንና መኝታ ቤቶቹ የሚገናኙበት ኮሪደር ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባም ከፍሪጅ አጠገብም ሳይሆን ይሰቀል። ገመዱ ጥግ ላይ አይታጠፍ፤ ፋይበር ውስጡ መስታወት ነው፣ ከቡና ስኒ አፍ የጠበበ ጥምዝ ላይ ብርሃኑ ይፈስሳል። ሰውዬው ሳይሄድ "የሚገባው የብርሃን ኃይል ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከሞደሙ ገጽ ላይ ይታያል፤ ከነጌቲቭ 15 እስከ ነጌቲቭ 22 ያለ ቁጥር መልካም ነው፣ ወደ ነጌቲቭ 27 ከተጠጋ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይቆራረጣል፣ ጫፉን እንደገና ይሥራው።

ከዚያ የእናንተ ሥራ አጭር ናት። ስልክሽን ከዋይፋዩ ጋር አገናኚና ማሰሻው ላይ 192.168.1.1 ጻፊ፤ ሁዋዌ ከሆነ 192.168.100.1 ይሆናል፤ ትክክለኛው ከጀርባው ተለጥፏል። የዋይፋዩን ስም፣ የዋይፋዩን ፓስወርድና የመግቢያውን ፓስወርድ ቀይሪ። ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) የሚለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን፣ አጥፊ። ዋን (WAN) የሚለው፣ የውጭው መስመር የሚስተካከልበት ገጽ ውስጥ ግን እጅ አታስገቢ፣ በመርፌ የሚነካውን የሪሴት ቀዳዳም እንዲሁ። እዚያ ውስጥ የመስመሩ መለያ ስምና ፓስወርድ አለ፤ ከጠፋ ባለሙያ እስኪያስተካክለው ሞደሙ ጌጥ ነው። ልጆቹ ቀዳዳውን እንዳይነኩ እኔ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ።

ሞደሙ ሁለት ሞገድ ካለው፣ 2.4 እና 5 የሚባሉት፣ ስማቸውን ለያዪው። ቲቪውና ላፕቶፑ 5 ላይ፤ ራቅ ያለው ስልክ 2.4 ላይ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ላይ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ተደራርቧል፤ ቻናሉን ከ1፣ ከ6ና ከ11 ክፍት በሆነው ላይ አድርጊ፣ ስፋቱን 20 ላይ ተዪው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከዚህ በላይ ዕቃ አያስፈልገውም። የስድስቱን አንቴና ገንዘብ ለባትሪው።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ነኝ፣ ጡረተኛ። በመደበኛው የቤት ስልክ ላይ የገባ ኢንተርኔት አለኝ። ክረምት በገባ ቁጥር እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ሞደሙን ልቀይረው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሞደሙን ለጊዜው አይቀይሩት። መጀመሪያ ስልኩን አንሥተው ዝም ብለው ያዳምጡ። ከጥሪ ድምፁ ሥር "ሿ" የሚል ወይም የሚንጫጫ ነገር ካለ መዳቡ ላይ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ አዲስ ሞደም ውኃ አያወጣም።

ቀጥለው ከግድግዳው ያለችውን ስፕሊተር ይዩዋት፣ ትንሿን ነጭ ሳጥን። አንድ ቀዳዳ ለመስመር፣ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለሞደም ነው። በሌላ ክፍል ያለ ስልክ ያለ እሷ ከተሰካ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል። ሁሉንም ይንቀሉና ሞደሙን ብቻውን ከግድግዳው ጋር በአጭር ሽቦ ይሰኩት። በዚህ ከጸና ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽቦና ስፕሊተር በመቀየር ያልቃል። ካልጸና ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው "ኢንተርኔቱ ደከመ" ሳይሆን "የመደበኛ ስልኩ መስመር ድምፅ አለው" ይበሉ፤ የሚላከው ባለሙያ ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን እንዲያይ ነው። የሞደሙ ገጽ ላይ ኤስኤንአር ማርጂን (SNR margin) የሚል፣ መስመሩ ጫጫታን ምን ያህል እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ከ6 በታች ከሆነ ይንገሩት፣ ክርክር ያሳጥራል። መዳብ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ጣቢያው ሥር 24 ሜጋ ሊሸከም የሚችለው ቴክኖሎጂ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ጥቂት ሜጋ ይቀረዋል። ሰፈርዎ ፋይበር ከደረሰ ጋሼ፣ ያኔ አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ ኮተቤ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራዮች ነን። ከአከራያችን ጋር አንድ ፋይበር በጋራ እንከፍላለን። የእኔ ቤት ጓሮ ስለሆነ የዋይፋዩ ምልክት አንድ ሰረዝ ብቻ ያሳያል። ኤክስቴንደር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ኤክስቴንደር የደረሰበትን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ በዚያው ሞገድ መልሶ ይረጫል፤ በአንድ አፍ መስማትና መናገር ስለሆነበት ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። መሐሉ ላይ ብሎኬትና ቆርቆሮ ካለ ደግሞ የሚቀበለውም የለም። በዚያው ገንዘብ ገመድ ሳብ። ካት 6 ወይም ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፤ በኮርኒሱ ጠርዝ አድርገህ ቤትህ ድረስ አምጣና ጫፉ ላይ ርካሽ ራውተር፣ ቴንዳም ይሁን ቲፒ ሊንክ፣ "አክሰስ ፖይንት" በሚለው አሠራር ስካበት። ገንዘብ ካለህ አርቸር ሲ6 ጥሩ ናት፣ ሁለቱንም ሞገድ ትሰጣለች። ከሌለህ 841ም ለአንድ ክፍል ይበቃል።

ገመዱን ስትገዛ ተጠንቀቅ። ገበያው ላይ ያለው ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሻጩን ጫፉን አስልጠህ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቃት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አጥፈህ ዘርግተህ ብታያትም ቶሎ ትሰበራለች። ለሁለት ሜትር ይሁን፣ ለግቢ ግን ሙሉ መዳብ ውሰድ። ጫፉን ራስህ የምትመታ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት።

ስለ መጋራቱ ደግሞ፣ ከአከራያችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የሞደሙ መግቢያ ፓስወርድ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፣ የዋይፋዩ ብቻ ለሁሉ ይሰጥ። ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ይቀየር፣ አለበለዚያ የለቀቀው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ፊልም ያወርዳል። ራውተሩ ባንድዊድዝ መገደቢያ ካለው ለእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ አድርጉለት። ይህ ካልሆነ ማታ ማታ ጌም የሚያወርደው ጎረቤት የአራታችሁንም ይበላል፣ በወር መጨረሻ ክፍያ ሲሰበሰብ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው።

አስተያየት፦ ኤክስቴንደርን ለምን እንዲህ ታጣጥሉታላችሁ? እኔ ቤት ዓመት አልፎታል፣ ቴሌግራምም ቲክቶክም ያለ ችግር ነው።

መልስ፦ ይሠራል ወንድሜ፣ መስመርህ 5 ሜጋ ከሆነና በመሐል ያለው አንድ ግድግዳ ከሆነ ግማሹም ይበቃሃል። የተከራይ ቤት ሆኖ ግድግዳ መብሳት ከተከለከለም ሌላ መንገድ የለህም። ያኔ ሲግናል ከጠፋበት ክፍል ሳይሆን፣ ሞደሙና ክፍሉ መሐል፣ ገና ጥሩ በሚይዝበት ቦታ ስካው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ያለች እህቴ በሰው ሻንጣ ሞደም ልላክልሽ ብላኛለች። እዚያ ርካሽ ነው አሉ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ፎቶውን አስልኪያትና ጀርባውን እዪ። የሚጠመዘዝ ክብ የቴሌቪዥን ገመድ መግቢያ ካለው የኬብል ሞደም ነው፤ እኛ አገር የዚያ ዓይነት መስመር ስለሌለ ምንም አይሠራም። የሞባይል ኩባንያ የቤት ሳጥን ከሆነም ብዙውን ጊዜ በዚያው ኩባንያ ሲም ተቆልፏል። የሚጠቅመው ተራ ራውተር ነው፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆኖ በአንድ ካርቶን የሚመጣው ሜሽ፤ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ካላችሁ እሱ ይምጣ። እሱንም ከፋይበር ሞደሙ ጋር በገመድ ታገናኚዋለሽ እንጂ ሞደሙን አይተካም። ቻርጀሩ ላይ "100–240" መጻፉን ታረጋግጥልሽ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ዕቃው ይምጣ፣ ቻርጀሩ ግን እዚያው ይቅር፤ በዚያው ቮልትና አምፒር እዚህ ይገዛል።