የእናቴ የሲቲ ስካን ሲዲ አልከፍት አለኝ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ይፈለጋል፣ እባካችሁ!!

የአሰላው ልጅ (ምሽት 12:50)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። የእናቴን ሲቲ ስካን በሲዲ ሰጥተውን ነበር። የኔ ላፕቶፕ ሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍላሽ አስገለበጥኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው እምቢ አለ። ነጭ ወረቀት የሚመስሉ ፋይሎች ናቸው፣ ስጫናቸው «በምን ልክፈተው» ይለኛል። በቪኤልሲም በፎቶ ማያውም ሞከርኩ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሐኪሞቹ ተሰብስበው የሷን ጉዳይ ያያሉ፣ «ፊልሙ አይበቃንም፣ ሲዲውን አምጣ» ብለውኛል። ሲዲውስ የት ሄደ እንዳትሉኝ፣ አክስቴ ቦርሳ ውስጥ ቀርቶ አዳማ ገብቷል። ወንድሜም ከአሜሪካ ላክልኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ በስልክ ባነሳውስ?

ቢኒ ኮምፒውተር
ቫይረስ ነው። ኢንተርኔት ቤት የገባ ፍላሽ ጤነኛ ሆኖ አይወጣም። ፎርማት አድርገው።

ተስፋ77
ፎርማት እንዳታደርግ!! ቢኒ አንተ ሰው ታስጨርሳለህ።

ሚሚ ከሪያድ
እግዚአብሔር እናታችንን ይማርልን። ሲዲ የሚያጫውት ከፈለግክ ግን የድሮ ሚኒባስ ሾፌር ለምን፣ ሌላ የቀረ የለም 😅

ራጅ ክፍል
ወንድሜ ተረጋጋ። ቪኤልሲ የሲቲ ምስል አያውቅም። ዳይኮም የሚባል የሕክምና ምስል ፎርማት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከፋይሉ ስም ኋላ ነጥብም ፊደልም የለውም፣ ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ግራ የሚጋባው። ዊንዶውስ ከሆነ ማይክሮዳይኮም አውርድ፣ ለግል መጠቀሚያ ነፃ ነው። ማክ ከሆነ ሆሮስ። ከዚያ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አትነካካ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ሆነህ ፎልደሩን በሙሉ ክፈት። ሁለት ነገር ንገረኝ፦ ፍላሹ ላይ ያለው ሲደመር ስንት ሜጋባይት ነው? «ዳይኮምዲር» የሚል ፋይልስ (የምስሎቹ ማውጫ ነው) ይታይሃል?

ጋሽ ወርቁ
ልጄ፣ ስለ ኮምፒውተሩ አላውቅም። አሰላ ስትል ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ብዬ ገመትኩ። አርሲና ባሌ ይህ በሽታ ለምን በዛ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ገንፎውን ከእሳት እንደወረደ፣ መሃሉ ላይ ያለው ቅቤ ገና እየተንተከተከ እንጎርሰዋለን፣ ሳይቀዘቅዝ መብላት እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም ብሎ መድቦታል። ቡናችሁን አብርዱ እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ድሮ እናቶቻችን…

ተስፋ77
ጋሽ ወርቁ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ክብሪት አያያዝ ያስተምራሉ።

የአሰላው ልጅ
ጋሽዬ ልክ ነዎት፣ የምግብ ቧንቧ ነው፣ በችኮላ ሳልጽፈው ቀረሁ። ባዮፕሲው (የናሙናው ምርመራ) ስኳመስ ይላል፣ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሴሎች የሚነሳው ዓይነት ነው አሉኝ፣ ያለውም መሃለኛው ክፍል ላይ ነው። ራጅ ክፍል፦ ጠቅላላው 14 ሜጋባይት ነው፣ ዳይኮምዲር የሚል የለም። ማይክሮዳይኮም ጫንኩ፣ ፎልደሩን ስከፍት ባዶ ነው። ሪፖርቱ ይኸው። [ፎቶ]

ቢኒ ኮምፒውተር
ማይክሮዳይኮም አውርድ፣ እሱ ይከፍተዋል።

ተስፋ77
ቢኒ ከላይ ያለውን አንብብ በናትህ።

ራጅ ክፍል
መጀመሪያ ፎቶውን አጥፋ፣ የእናትህ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳይኮም ፋይሉም ውስጡ ስምና የትውልድ ቀን ስላለው እዚህ እንዳትለጥፈው።
አሁን ችግሩ ታወቀ። አንዱ የሲቲ ቁራጭ ምስል 512 በ512 ነው፣ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ደረትና ሆድ በቀጭኑ ሲነሳ 600 ቁራጭ ቢወጣ 300 ሜጋባይት ነው። 14 ሜጋባይት ማለት ኢንተርኔት ቤቱ የገለበጠልህ ሲዲው ላይ አብሮ የሚመጣውን ማሳያ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ምስሉ እዚያው ሲዲው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ምንም ብትጭን የሚከፈት ነገር የለም።
አሁን አክስትህ ጋ ደውል። አዳማ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገና አልዘጉም። ሲዲውን አስገብተው የተደበቁ ፋይሎችን ጨምሮ ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር ይገልብጡ፣ ዚፕ ያድርጉት፣ በቴሌግራም ይላኩልህ። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ይወስዳል። ለወንድምህም ያንኑ ዚፕ አስተላልፍለት። ካልሆነ ያነሳችሁ ማዕከል ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉ አለ፣ የካርድ ቁጥርና የተነሱበትን ቀን ይዘህ በጠዋት ሂድና አዲስ ሲዲ አስቀርጽ።

ሰነድ
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሪፖርት ተጽፎ እያለ ምስሉ ምን ያደርጋል? ሐኪሞቹ አማርጠው ልጁን ያንከራትቱታል። ደግሞ ሲቲ ጊዜው አልፎበታል፣ ፔት ስካን ነው የሚያስፈልጋት። ሕንድ ውሰዳት።

ራጅ ክፍል
ሰነድ፣ ሪፖርቱን የጻፈው ሐኪም የተጠየቀውን መልሷል፣ ቀዶ ሐኪሙ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ዋናው ጥያቄ እጢው ከኋላው ካለው ትልቁ የደም ቧንቧ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተደግፎበት ብቻ ነው የሚለው ነው። የደም ቧንቧው ክብ ሆኖ ይታያል፣ እጢው ክቡን ምን ያህል አቅፎታል ብለው በማዕዘን ይለካሉ። ከ45 ዲግሪ በታች ከሆነ አልገባበትም ይባላል፣ ከ90 በላይ ከሆነ ገብቶበት ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ይበረታል፣ በመካከል ያለው አወዛጋቢ ነው። ያንን ለመለካት ቁራጮቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ወደ ታች ማገላበጥ፣ ብርሃኑን ለሳንባ፣ ለሥጋ እያሉ መቀያየር ያስፈልጋል። ፊልም ላይ 20 ጥቃቅን ምስል በአንድ ወረቀት ተጨናንቋል፣ ያንን ደግሞ መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ማንሳት… ተወው።

ዳግም ኦንኮ
ፔት ስካንን በተመለከተ ልጨምር። ፔት በሽታው ወደ ሩቅ አካል መሄዱን ለማየት ከሲቲ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ ስኳር በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከማምረቻው ብዙም ሳይርቅ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ቲቢም ያበራል። እኛ አገር ደረት ውስጥ ያለ የሊምፍ እጢ (ንፍፊት) በፔት ስላበራ ብቻ «ተሰራጭቷል» ብሎ መፍረድ አደገኛ ነው፣ ናሙና መውሰድ ይፈልጋል። በሲቲ ብቻ ተወስኖ በደንብ የታከመ ብዙ ሰው አለ።
ስለ ሕክምናው፦ ስኳመስ መሆኑ አንድ ደግ ነገር አለው፣ ለጨረርና ለኬሞ ይታዘዛል። ሆላንዶች በ2012 ያወጡት ጥናት ላይ 23 ጊዜ ጨረር፣ ድምሩ 41.4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ከሚባሉ ሳምንታዊ የኬሞ መድኃኒቶች ጋር ሰጥተው ከዚያ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ስኳመስ ከነበራቸው ውስጥ በ49 በመቶው ላይ ተቆርጦ በወጣው ቧንቧ ውስጥ ሕያው የካንሰር ሴል አልተገኘም። ቀዶ ሕክምና የማይችል ሰው ደግሞ 50.4 ግሬይ በ28 ጊዜ ተከፋፍሎ ይወስዳል። ይህ በየአገሩ የሚታወቅ ነው፣ ሕንድም ሲሄዱ በአብዛኛው ይኸው ነው። እኛ ጋ ማነቆው የጨረር ወረፋው ነው። ለረጅም ዓመታት ማሽኑ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ሌሎችም እየጀመሩ ነው። ነገ ስብሰባው ላይ ወረፋው ስንት ሳምንት እንደሆነና እስከዚያ በምን እንደምትመገብ ጠይቅ።

የአሰላው ልጅ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታለች፣ ልጁ ሲዲው ሲከፈት ይንጫጫል እያለ ነው። እማዬ ምግብ ካቆመች ሁለት ሳምንት አልፏታል፣ አጥሚትና ውሃ ብቻ። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፣ ውሃ በጠጣች ቁጥር ያስላታል።

ሚሚ ከሪያድ
ዝንጅብል በማር 🙏

ሲስተር አዜብ
ወንድሜ ሲዲውን ለጊዜው ተወውና ይህን አንብብ። ስትጠጣ ብቻ የሚያስላት ከሆነ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። መሃለኛው ክፍል ላይ ያለ እጢ ከፊት ለፊቱ ያለውን የአየር ቧንቧ በስቶ ቀዳዳ ሊፈጥር ይችላል፣ ፊስቱላ ይሉታል። ውሃውም አጥሚቱም ወደ ሳንባ ይገባል ማለት ነው። ቧንቧው ጠቦ የተጠራቀመው ተመልሶ ወደ ሳንባ ሲገባም እንዲሁ ያስላል። ሁለቱም የሚያድር ነገር አይደለም። ዝንጅብልም ማርም ውሃም በአፏ አትስጧት፣ ጀርባዋን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጧትና ዛሬ ማታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። በር ላይ «ሳል አላት» አትበል፣ «የምግብ ቧንቧ ካንሰር አለባት፣ ስትጠጣ ታስላለች» በል። ትኩሳት ካላት ጨምርበት።

ዳግም ኦንኮ
ሲስተር ትክክል ናት። ፊስቱላ ካለ ያልኩት የጨረር ዕቅድ ሁሉ ይቆያል፣ መጀመሪያ ሽፋን ያለው ስቴንት (ቧንቧው ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ) ገብቶ ቀዳዳው ይዘጋል። በዚህ ሥራ ከጎረቤት የታወቀው ኬንያ ቦሜት ያለው ቴንዌክ ሆስፒታል ነው፣ እኛም ጋ የሚያስገቡ ሐኪሞች አሉ። ስቴንት እስኪገኝ በሆድ በኩል በሚገባ ቱቦ ትመገባለች።

የአሰላው ልጅ (ማታ 2:35)
እሺ እህቴ። ታክሲ ጠርቻለሁ፣ ልብስ እየለበሰች ነው። ዚፑ ደረሰ፣ 347 ሜጋ ይላል። ከፈትኩት፣ ምስሉ ታየ፣ ወደ ታች ሳንሸራትተው ጎድን አጥንቷ ሁሉ ያልፋል። ፍላሽ ላይ ገልብጬ እየወጣሁ ነው። የድንገተኛው…

ሲስተር አዜብ
ጉዞ ላይ ቁጭ ብላ ትሂድ፣ እንዳታስተኟት።

ተስፋ77 (ከ4 ቀን በኋላ)
ወንድም፣ እናታችን እንዴት ናቸው?

ጋሽ ወርቁ (ከ9 ቀን በኋላ)
ልጄ፣ አንድ ቃል ጻፍልን።

ብሩክ አዲስ (ከ2 ወር በኋላ)
ይቅርታ፣ ኤምአርአይም በዚሁ መንገድ ይከፈታል? የኔ ማክ ነው፣ ሆሮስ ጭኛለሁ፣ ጠቅላላው 9 ሜጋባይት ይላል።

ራጅ ክፍል
ብሩክ፣ ሲዲው አሁን የት ነው ያለው?