የሥራ ውሉ ላይ የፈረመው ማን ነው?

ተማሪው፦ በምግብ ኬሚስትሪ ልመረቅ ነው። ዓለም የሚያውቀው የለስላሳ መጠጥ ስም ያለበት ማስታወቂያ አይቼ አመለከትኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ቤተሰቤ “ዕድልህ ተከፈተ” ይለኛል። አንድ አስተማሪዬ ግን “ይህን ሁሉ የተማርከው ስኳር ልትበጠብጥ ነው?” አለኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ልግባ ወይስ ልተው? ተከራከሩልኝ።

የሽያጭ ኃላፊው፦ ግባ እንጂ! ሮቤርቶ ጎይዙዌታ እንዳንተው በኬሚስትሪው መስመር የመጣ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሃቫና ውስጥ የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ኮካ ኮላ ተቀጠረ፤ ከ1981 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ኩባንያውን መራ። ሙህታር ኬንትም በ1978 በጋዜጣ ማስታወቂያ ገብቶ፣ በማከፋፈያ መኪና እየዞረ ሥራውን ተማረ፤ በ2008 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ከታች ገብቶ እስከ ላይ የሚወጣበት እንዲህ ያለ ቤት ስንት አለ?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሰው ጠቅሰህ የመቶ ሺዎችን ዕጣ አትንገረን። ልጁ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ማን እንደሚቀጥረው ነው። በ1899 ቻታኑጋ ከምትባለው የአሜሪካ ከተማ የመጡ ሁለት ጠበቆች ኮካ ኮላን በአብዛኛው አሜሪካ በጠርሙስ እየሞሉ የመሸጥ መብት በአንድ ዶላር ወሰዱ። የዛሬው አሠራር መነሻው ያ ነው፤ ዋናው ኩባንያ ቅመሙንና የንግድ ምልክቱን ይይዛል፣ ጠርሙሱን የሚሞላውና የሚያከፋፍለው በአብዛኛው ሌላ ኩባንያ ነው። ኮካ ኮላ በቅርብ ዓመታት ራሱ የሚቀጥረው ከ100 ሺህ በታች ሲሆን፣ 200 ከሚጠጉት አጋሮቹ ጋር ሲደመር ወደ 700 ሺህ ይደርሳል። እንግዲህ “እዚያ ገባሁ” ከሚሉት አብዛኞቹ ደመወዛቸው የሚመጣው ከሌላ ድርጅት ነው። ፔፕሲኮ በዚህ ይለያል፤ በ2010 የሰሜን አሜሪካ መጠጡን በጠርሙስ የሚሞሉለትን ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ገዝቶ ጠቅልሏቸዋል።

የሽያጭ ኃላፊው፦ ይሁን፣ የሌላ ድርጅት ይሁን። ሥልጠናው፣ የጥራት ደረጃው፣ ሲቪ ላይ የሚያርፈው ስም ያው አይደለም?

ቴክኒሻኑ፦ ለዚህ እኔ ልመልስ። ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቱታዬ ላይ የታወቀው ምልክት ነበረ፣ ውሌ ግን ከሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ጋር ነበር። ከቋሚዎቹ ጋር በአንድ ሺፍት እየሠራሁ ሕክምናውም ጉርሻውም አይመለከተኝም ነበር። አዲስ ማሽን ሲተከል መጀመሪያ የተሸኘነው እኛው ነን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሙያውን ግን አላማርርም። ጠርሙስ ማጠቢያው፣ መጠጡን የሚሞላው ማሽን (ፊለሩ)፣ ስኳሩን ብሪክስ በሚባለው የስኳር መጠን መለኪያ መለካት፣ የጋዙን መጠን መጠበቅ፣ ቧንቧው ሳይፈታ በኬሚካልና በሙቅ ውኃ የሚታጠብበት ሲአይፒ፣ ሁሉንም የተማርኩት እዚያ ነው። ዛሬ የምሠራው ወተት ፋብሪካ ነው፤ ያንኑ እውቀት ይዤ ገባሁ። ልጄ፣ ላብራቶሪና ምርት ክፍል ከሆነ የምትማረው አይከስርም።

ነርሷ፦ ስለ ምርቱ ዝም ልንል ነው? አንድ 330 ሚሊ ሊትር መደበኛ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ብሏል፤ ለአዋቂ ሰው 50 ግራም ግድም ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግር ቁስል በየቀኑ አጥባለሁና የአስተማሪው ጥያቄ ይገባኛል።

ተማሪው፦ እህቴ፣ ስኳሩን የሚቀንሰውም እኮ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ኬሚስት ነው። እንግሊዝ በ2018 የስኳር ቀረጥ ስትጥል ብዙ መጠጦች ተቀንሰው ተሠርተዋል።

ነርሷ፦ ያስቀነሰው ቀረጡ ነው። ኬሚስቱ ብቻውን ቢለምን ማን ይሰማው ነበር? ግባ፣ ግን ከውስጥ ሆነህ ኩባንያውን እንደምትለውጥ ለራስህ ቃል አትግባ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ዋናው ኩባንያ ውስጥ መግባትም ዋስትና አይሆንም። ኮካ ኮላ በ2020 በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ለ4,000 ሠራተኞች በፈቃድ የመልቀቂያ ጥቅል አቀረበ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 2,200 የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አስታወቀ።

የሽያጭ ኃላፊው፦ ይህን አልክድም። የኤጀንሲውን ነገር ግን ቀድሜ ላነሣው ይገባ ነበር፤ በእኔም ክፍል እንዲህ የተቀጠሩ ልጆች አሉ፣ ቋሚ የሆኑትም ጥቂት ናቸው።

ተማሪው፦ አሁን ውሉን ከፍቼ አየሁት። ቀጣሪ በሚለው ቦታ ያለው የማላውቀው ድርጅት ስም ነው፤ ጊዜው ስድስት ወር፣ ሥራው ናሙና መለካት። ነገ ደውዬ ከስድስት ወር በኋላ ማን እንደሚያድሰው፣ ሕክምናው እኔን ይጨምር እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ ቋሚ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሦስተኛውን ካልመለሱልኝ አልፈርምም።

ቴክኒሻኑ፦ መልሱን በጽሑፍ ይስጡህ፣ ልጄ።