ለፕላቲነም ምትክ ፍለጋው እኛም እንግባበት?

አወያይ፦ ፊውል ሴል ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሥራውን የሚያፋጥነው ካታሊስት በአብዛኛው ፕላቲነም ነው፤ ውድ ነው። የኛ ዩኒቨርሲቲዎች ርካሽ ምትክ ፍለጋው ላይ ገንዘብ ያውጡ ወይስ ይቅርብን?

ሹፌሩ፦ ይቅርብን! በ2016 የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰዉ ወደ ባትሪ ዞሯል። የግድቡ መብራት ባትሪ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ጎማው ላይ ይደርሳል፣ በሃይድሮጅን ዞሮ ሲመጣ ግን ሲሶው ቢተርፍ ነው። ቶዮታ እንኳ ሚራይ የሚባለውን የሃይድሮጅን መኪናውን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሸጠ ገበያው አልደራለትም።

ኬሚስቷ፦ ስለ መኪና አልከራከርህም ወንድሜ። ግን ብረትን (አይረን) ከናይትሮጅንና ከካርቦን ጋር አዋህዶ የሚሠራ ካታሊስት አለ፣ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው። ጣጣው ዕድሜው ነው፤ ሴሉ ውስጥ አሲድ ስለሆነ ብረቱ እየሟሟ ይወጣል፣ ካርቦኑም ይበላል፣ መጀመሪያ ላይ አሪፍ የነበረው ቶሎ ይደክማል። ይህን ለማጥናት ደግሞ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

የወለጋ ልጅ፦ ፕላቲነም እኮ እኛ ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ አለን፣ ምን ምትክ ያስፈልጋል ሃሃ

ኬሚስቷ፦ አለን። ግን ከዓለም 70 በመቶ ገደማውን የምታወጣው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ ዩብዶ ዋጋውን አይነቀንቀውም።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ ለመኪና ካልሆነ ለምን?

ኬሚስቷ፦ ለማዳበሪያ! ማዳበሪያ ከአሞኒያ ነው፣ አሞኒያ ሃይድሮጅን ይፈልጋል። ግብፆች አስዋን ላይ ኪማ የሚባለውን ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓባይ መብራት ውኃ እየሰነጠቁ፣ ሃይድሮጅኑን ከዚያ እያወጡ አንቀሳቅሰውታል።

ሹፌሩ፦ ራስሽ መለስሽልኝ። እነሱም ኋላ ሃይድሮጅኑን ከተፈጥሮ ጋዝ ወደ ማውጣት ዞረዋል። ደግሞ ውኃ ለመሰንጠቅ ፕላቲነም ሳያስፈልግ ኒኬል ለካታሊስትነት ይበቃል ይባላል፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚመረመረው?

ኬሚስቷ፦ ኒኬል ይሠራል፣ መብራት ግን ይበላል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን በስሌት 39 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፣ በተግባር ከ50 በላይ ይወስዳል። ከብክነቱ ብዙው ኦክስጅን በሚወጣበት በኩል ነው። ኒኬል ላይ ትንሽ ብረት ሲጨመርበት በጣም እንደሚሻሻል ይታወቃል፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። የመብራት ሂሳቡ ካልቀነሰ ጋዝ ሁሌም ያሸንፈናል፣ ኪማንም ያየህ ነው።

የወለጋ ልጅ፦ ጎዴ ላይ የታሰበው የማዳበሪያ ፋብሪካም እኮ በጋዝ ነው።

ሹፌሩ፦ ለማዳበሪያው ይሁን፣ ይሞከር። ለመኪና ግን አንዲት ብር እንዳትወጣ!

ኬሚስቷ፦ ለመኪና ማን ጠየቀህ?