የቪትዜ ሬዲዮ አልሰማ ብሏል፤ ማን ጋ ልውሰዳት?

ባለ ቪትዟ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ የ2006 ሞዴል ቪትዝ ናት። ከጃፓን ነው የመጣችው፤ ቴፑም አብሯት የመጣው ነው። ሰሞኑን ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል፣ ይቆራረጣል። ጠዋት ከአያት ወደ ሜክሲኮ ስሄድ መገናኛ ላይ ደህና ይሆንና ስታዲየም አካባቢ ጭራሽ ይጠፋል። 94.3ን ደግሞ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አግኝቼው አላውቅም። ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ሸገርን የምሰማው 102.1 ላይ ሳይሆን 82.1 ላይ ነው። የሸጠልኝን ሰውዬ ስጠይቀው «ለምዶባት ነው» ብሎኝ ሄደ።
አሁን ምርጫዬ ሁለት ነው። ወይ ይቺኑ ቴፕ የሚያስተካክል ኤሌክትሪሺያን አገኛለሁ፣ ወይ አንድሮይድ ስክሪን አስገባለሁ። ማንን ትጠቁሙኛላችሁ? ከሲኤምሲ እስከ ሜክሲኮ ያለ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የላንቻው፦
ላንቻ ነይ። ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። የኔን ኮሮላ ስድስት ዓመት የያዘልኝ እሱ ነው። ሌላ ቦታ ሄደሽ አትንከራተቺ።

ሰሚት 72፦
ሬዲዮ ነው የሠራልህ?

የላንቻው፦
የኔ ሬዲዮ ተበላሽቶ አያውቅም። የመስኮት ሞተር ነው የቀየረልኝ። ግን እጁ ወርቅ ነው።

እኔን ያየ ይቀጣ፦
አንድሮይድ ስክሪን ያልሽው ነገር ላይ ቆም በይ እህቴ። ሱቁን ስም አልጠራም፣ ክስ አልፈልግም። ባለፈው ዓመት ያሪሴ ላይ ዘጠኝ ኢንች ስክሪን አስገባሁ። ልጁ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብሎኝ ከጠዋት እስከ ማታ አስቀመጠኝ። ሶኬቱ አልገጥም ሲለው ኦሪጅናሉን ሽቦ ቆርጦ በፕላስተር ጠቀለለው። ክሩስኮቱን ሲነቅል የውስጥ መያዣዎቹን ሰበራቸው። እስከዛሬ ኮብልስቶን ላይ በወጣሁ ቁጥር ክሩስኮቴ እንደ ጽናጽል ይንሿሿል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብነሳ ባትሪው ሞቷል። ለካ ስክሪኑ ቁልፍ ከነቀልኩም በኋላ አይጠፋም ኖሯል!
ሬዲዮው ደግሞ ከድሮው ባሰ። 98.1 እንኳን በመከራ ነው የሚመጣው። ተመልሼ ስሄድ «አንቴናው ነው» አለኝና አዲስ አንቴና ሸጠልኝ። እሱም አልሠራም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እንግዲህ ሰፈርህ ነው።» ሃያ ዓመት ሬዲዮ የሰማሁበት ሰፈር!

የቀበናዋ፦
ውይ የኔ ወንድም። የት ነው ሱቁ? በውስጥ ንገረኝ፣ ወንድሜ ሊያስገባ እየዞረ ነው።

ባለ ዲኤክስ፦
ለኔም ላክልኝ።

ሰሚት 72፦
ስም ሳትጠራ የከተማውን አስገቢ ሁሉ ከሰስከው። ቢያንስ ከባቡሩ በየት በኩል እንደሆነ ንገረን፣ ግማሹ እንኳን ነጻ ይውጣ።

እኔን ያየ ይቀጣ፦
አንተ ስላልደረሰብህ ነው የምትቀልደው። ገንዘቤን የመለሰልኝ የለም።

ጡረተኛው፦
ልጄ ባለ ቪትዟ፣ አንቺ የጠየቅሽው ተረሳ መሰለኝ። ድሮ ሬዲዮ እጠግን ነበር፤ የማውቀውን ልንገርሽ።
ሸገርን 82.1 ላይ መስማትሽ ብልሽት አይደለም። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፣ ያንቺም ቴፕ የተሠራው ለዚያ ነው። የኛ ከ88 እስከ 108 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከቴፑ ጀርባ ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አስገብቶልሻል። ከአንቴናው የመጣውን 20 ሜጋ ኸርዝ ዝቅ አድርጋ ለቴፑ ታቀብለዋለች። 102.1 ላይ 20 ቀንሺ፣ 82.1 ነው። 97.1 በዚሁ ስሌት 77.1 ላይ ይመጣል፣ 107.8 ደግሞ 87.8 ላይ። 94.3 ግን 74.3 ይሆናል። ቴፕሽ ከ76 በታች አይወርድም። ስለዚህ ማንም ጋ ብትወስጃት፣ በዚህች ሳጥንና በዚህ ቴፕ 94.3ን አታገኚውም።

ባለ ቪትዟ፦
ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አልነገረኝም! አሁኑኑ ወርጄ 87.8 ላይ ልሞክር።
መጣ! ኢትዮ ኤፍኤም ነው። እየተቆራረጠም ቢሆን።

የቀበናዋ፦
የኔ ላይ ያለው 16 ነው የሚቀንሰው። 94.3 78.3 ላይ ይመጣል። 107.8 ግን የለም። ሁሉንም የሚያመጣ ሳጥን የለም እንዴ?

ጡረተኛው፦
የለም። የቴፑ ስፋት 14 ሜጋ ነው፣ የኛ ሞገድ 20። ራስን ሲሸፍኑት እግር የሚያስወጣ ጋቢ ነው። 20 የሚቀንሰው የታቹን ጣቢያ ይጥላል፣ 16 የሚቀንሰው የላዩን። ሳጥን ከመግዛትሽ በፊት የምትወጃቸውን ጣቢያዎች ጻፊና ቀንሺ። ሻጩ አይቀንስልሽም።

የሳሪሱ ልጅ፦
94.3ን ለምን ፈለግሽው ግን? ጠዋት 97.1 ነው የሚሰማው።

ባለ ዲኤክስ፦
ጠዋት 97.1? ስፖርት ካልሆነ በቀር እኔ ከ102.1 አልነሳም።

የሳሪሱ ልጅ፦
አንተ የምትነዳው ዲኤክስ ነው፣ ከየትም አትነሳም።

ባለ ዲኤክስ፦
ዲኤክሴ ያንተን ሃምሳ ሎሚ ታስንቃለች። ኤፍኤም ሳይኖር ጀምሮ በመካከለኛ ሞገድ ዜና የሰማች መኪና ናት። ከአንተም ትበልጣለች።

ጡረተኛው፦
እሱን ተዉትና ወደ ሽሽሽታው እንመለስ። መቼ ነው የጀመረው? ያን ሰሞን መኪናዋ ላይ ምን ተጨመረ?

ባለ ቪትዟ፦
ከፋሲካ ወዲህ ነው። ምንም አልተጨመረም፣ ላቫጆ ብቻ ነው የሄድኩት። አይ ቆዩ፣ ወንድሜ የፊት ካሜራ ገዝቶልኝ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቼዋለሁ። እሱ ግን ከሬዲዮ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጡረተኛው፦
በጣም እንጂ። ገንዘብ ሳታወጪ ቤትሽ በር ላይ ሞክሪው። መጀመሪያ ሞተር ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ አዙረሽ ስሚ። ጥርት ካለ ሞተሩን አስነሺ። ያኔ ጩኸት ከመጣ ነዳጅ ረገጥ አድርጊ። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር እየቀጠነ ከወጣ ወይ ዲናሞው ነው፣ ወይ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ ላልቷል። ነዳጅ ብትረግጪም ባትረግጪም ያው ከሆነ ካሜራውን ከነቻርጀሩ ንቀይው። አጥፊው አላልኩም፣ ንቀይው። እነዚህ ርካሽ ቻርጀሮች 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርዱት በጣም በፍጥነት እየቆራረጡ ነው፤ ሲቆራርጡ ደግሞ ዙሪያቸውን ሞገድ ይረጫሉ። የካሜራው ሽቦ ከአንቴናው ሽቦ አጠገብ ካለፈማ፣ ሬዲዮሽ ጣቢያውን ትቶ ካሜራውን ነው የሚያዳምጠው።
ላቫጆ ያልሽውም ቀላል ነገር አይደለም። ሲያጥቡ የአንቴናውን ዘንግ ይፈቱታል፣ ሲመልሱት ደግሞ ግማሽ ዙር አዙረው ይተዉታል። በእጅሽ አጥብቂው። ሥሩ ከዛገ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፈቅ አድርጊው።
ስታዲየም ጋ ያለውን ግን ሁሉንም በካሜራው አታላክኪ። ሞገዱ ከረጃጅም ሕንፃዎች ጋር እየተላተመ በሁለትና በሦስት መንገድ ይደርስሻል፣ እርስ በርሱም ይጣፋል። መብራት ላይ ቆመሽ ሲጠፋብሽ አንድ ሜትር ፈቀቅ በይ። ከተመለሰ እሱ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን አትክፈይበት።

ከዲሲ፦
እኛ እዚህ የሀገር ቤቱን ሬዲዮ በስልክ ነው የምንሰማው። ለምን ስልክሽን አታገናኚውም?

ሰሚት 72፦
አመሰግናለሁ። የካርዱን አንተ ትልካለህ አይደል?

ባለ ኤሌክትሪኩ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለቤንዚን መኪና! በ2016 የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ሲባል የገባኝ ገባኝ፣ ወደ ቻይና ኤሌክትሪክ ዞርኩ። ግን እግረ መንገዴን፣ የኔ ስክሪን ሜኑው በሙሉ ቻይንኛ ነው። ሬዲዮው የቱ ጋ እንዳለ አላገኘሁትም። የሚቀይርልኝ ታውቃላችሁ?

ሰሚት 72፦
አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ። አንተን መቀየር ይቀላል።

እኔን ያየ ይቀጣ፦
እሱንም እዚያ ሱቅ እንዳትወስደው።

የራይድ ሹፌር፦
ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ስለምውል ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ላሳጥረው።
ብሉቱዙ፣ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው፣ ለሬዲዮ ችግር መፍትሔ አይደለም። ራሱ ትንሽዬ ማሰራጫ ነው። የሚያሰራጭበት ቁጥር ለምትሰሙት ጣቢያ ከቀረበ እንዲያውም ይሸፍነዋል። አውራ ጣት የምታክለውን አንቴና ለቁንጅናው ገዝቼ በሳምንቱ አነሳሁት። የሻርክ ክንፍ የሚመስለው ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ውስጡ ማጉያና ሽቦ ያለው ነው፣ ሌላው በማጣበቂያ የሚለጠፍ ባዶ ፕላስቲክ። ስትገዙ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩት።
እኔ በመጨረሻ የረካሁት ስክሪን በሌለው ተራ ቴፕ ነው። ዩኤስቢና ብሉቱዝ አለው፣ ኤፍኤሙ እስከ 108 ነው። ያቺን ሳጥን አውጥታችሁ ትጥሏታላችሁ። መርሳት የሌለባችሁ እሱን ነው፣ ሳጥኗ ከቀረች አዲሱም ቴፕ ቁጥሩን ያዛባዋል። የቪትዝ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ዙሪያውን የሚሸፍን ፍሬም አብራችሁ ጠይቁ። ሶኬትም እንዲሁ፤ ለቶዮታ የሚሆን መሸጋገሪያ ሶኬት ይሸጣል፣ አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ ይገባል። ሽቦ ልቁረጥ ያለ አስገቢ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ተክለ ሃይማኖትና ሶማሌ ተራ ዞሬ ነው የገዛሁት፤ በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ሦስት ዋጋ ነው የነገረኝ።

የላንቻው፦
ላንቻ ያለው ልጅ ሽቦ አይቆርጥም።

የቀበናዋ፦
ቴፕ አስገብቶልህ ያውቃል?

የላንቻው፦
አላልኩም። አይቆርጥም ነው ያልኩት።

ጡረተኛው፦
የሹፌሩን ምክር ያዢው፣ የአንቴናውን ርዝመት ግን ልጨምርበት። በ100 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ አንድ ሞገድ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ለቀላል አንቴና ሩቡ ይመቸዋል፣ 75 ሳንቲሜትር። አውራ ጣት የምታክለው ጥሩ ማጉያ ከሌላት ብዙ አትይዝም።
እኔን ያየ ይቀጣ፣ ያንተም ነገር በሐሳቤ ቀርቷል። የአንቴናህ ሥር ማጉያ ያለው ከሆነ 12 ቮልት ይፈልጋል። የድሮው ቴፕ ይሰጠው ነበር። አዲሱ ስክሪን ላይ ለዚህ የተተወ ሽቦ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ልጁ ያን ሳያገናኝ ዘግቶት እንደሆነ አንቴና ብትቀያይር ዋጋ የለውም። ባትሪህን የጨረሰው ደግሞ ቀይና ቢጫው ሽቦ ይመስለኛል። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፣ ቀዩ ከቁልፉ ጋር የሚጠፋው። ሁለቱንም አንድ ላይ ካሰራቸው ስክሪኑ አይተኛም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ጋ አስፈትሸው።

እኔን ያየ ይቀጣ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ። ሰማያዊም ይሁን አረንጓዴ፣ እኔ የምፈልገው ገንዘቤን ነው።

ሰሚት 72፦
ሰውዬው በነጻ አስተካከለልህ እኮ። ሽቦውን አትፈትሽም?

እኔን ያየ ይቀጣ፦
ክሩስኮቱን ደግሜ አላስነቅልም። አበቃ።

የጎጃሙ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነው ችግሬ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ስወርድ ሬዲዮው ድብን ብሎ ይጠፋል፣ እስከ ደጀን የለም። ማስተካከያ አለው?

ጡረተኛው፦
የለውም ልጄ። ኤፍኤም ማሰራጫውን የሚያይ ቦታ ይፈልጋል። አንተ እሱን ስትሰማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሸለቆ ውስጥ ነህ። እዚያ አካባቢ ፍሬንህን ስማው።

ባለ ኤሌክትሪኩ፦
የቻይንኛውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጡረተኛው፦
ልጄ ባለ ቪትዟ፣ ካሜራውን ነቅለሽ ሞከርሽው?

የቀበናዋ፦
እኔም ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። የኔም መኪና ካሜራ አለው።

ሰሚት 72፦
አራት ቀን ሆናት። ጠያቂዋ የት ገባች?

የላንቻው፦
ላንቻ ነዋ።