ኤፍሞድ የገባችሁ፦ ትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲዞር እየተጋጨብኝ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር በሐይቃችን አሳ አጥማጅ ላይ የሚያጠነጥን ጌም እየሠራን ነው። እሱ ዩኒቲ (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ኮዱን፣ እኔ በኤፍሞድ (የጌም ድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ሙዚቃውን።

ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትቀዝፍ ክራር በትዝታ ቅኝት ይጫወታል። ጉማሬ ሲጠጋ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ይዞራል፣ ከበሮም ይገባል። መዞሪያው ላይ ነው ጣጣው። ወዲያው ይቀየር ስለው የክራሩ ድምፅ ገና ሳይጠፋ አዲሱ ይደርብበታል። ሁለቱም ከሲ ነው የሚነሱት፤ ግን የትዝታው ዲ ከአንቺሆዬው ዲ ፍላት፣ ጂው ከጂ ፍላት ጋር ሲገናኝ ለጆሮ ይጎረብጣል። አራት ባር (የምት ክፍል) እስኪያልቅ ይጠብቅ ስለው ደግሞ እስከ 8 ሰከንድ ይፈጃል። እስከዚያ ጉማሬው ጀልባዋን ገልብጦ ጨርሷል!

መሃል ላይ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ያለበት አንድ ባር ላስገባ አስቤያለሁ። ምት ቅኝት የለውም፣ አይጋጭም። ግን የክራሩን የድምፅ ጭራ ምን ላድርገው? ድምፁን ቶሎ ሳወርደው የተቆረጠ ይመስላል። ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ከክራሩ ለይቼ ባስቀምጠው ይሻላል?

ጓደኛዬ «ሁሉንም በትዝታ አድርገውና ከበሮ ጨምርበት» ይላል። ይቀላል፣ አልካድኩም። ግን አንቺሆዬ የሚያመጣውን ያንን ጭንቀት ማጣት አልፈልግም። የሞከራችሁት ካለ በናታችሁ ጠቆም አድርጉኝ።